«ጋራንቲ እያለው ነው መነካካት»

ይህ የደረሰብን ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ቤታችንን ያፈረስኩ ሴት ተብዬ ስለቀረሁ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ንጉሤ ሹፌር ነው። ለዓመታት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በባንክ ብድር አዲስ የጭነት መኪና አወጣ። መያዣው አቃቂ ያለው የእናታችን ቤት ነበር። ከቤተሰቡ ቋሚ ደመወዝ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሊብሬው በእኔ ስም ሆነ።

መኪናው ከሥሩ ጭሱን የሚያጣራ ዕቃ ነበረው፤ ሲያዩት ወፍራም የጭስ ማውጫ ማርሚታ ይመስላል። የእኛ ናፍጣ አልተስማማውም መሰለኝ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል። በተደፈነ ቁጥር መብራት ይበራና መኪናው ጉልበት ያጣል። ንጉሤ ከጂቡቲ ጭኖ ሲመለስ ዳገት ላይ እየቆመ ተቸገረ። መኪናውን ያስመጣው ድርጅት ጋራዥ ያጸዳለታል፤ ወረፋው ግን ሥራ ያስፈታል።

አቃቂ በሰቃ ታዴ የሚባል መካኒክ አለ። «ቆርጠን እንጣለው» አለው። «ኮምፒውተሩንም እንዳይጮህ አጠፋልሃለሁ። ታፍኖ ነው እኮ፣ ይተንፍስ።»

እኔ የተማርኩት ዘግይቼ፣ ቀን ፋብሪካ እየሠራሁ በማታ ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባ ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም። የመኪናውንም መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር አንብቤው ነበር። ያ ዕቃ ከተነካ ዋስትናው እንደሚቀር በግልጽ ተጽፏል። ታዴ ጋራዥ ድረስ ሄጄ ለሁለቱም ነገርኳቸው።

ታዴ ሳቀ። «እትዬ፣ እንዲያውም ጋራንቲ እያለው ነው መነካካት። ቢበላሽ እነሱ ይሠሩታል። ካለቀ በኋላማ ማን ይደፍራል?»

«ጋራንቲ ውል ነው እንጂ ምሕረት አይደለም» አልኩት።

ንጉሤ ትከሻዬን ቸብ አደረገና «አንቺ መጽሐፉን ንጂ፣ እኔ መኪናውን ልንዳ» አለኝ።

ቆረጡት። በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ በየዱበት። ለጥቂት ወራት መኪናው ዳገቱን ሳያቃስት ወጣ። ንጉሤ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር «መጽሐፉ ዛሬ ምን ይላል?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ከዚያ አዋሽ አካባቢ ሞተሩ ተበላሽቶ ቆመ። ምክንያቱ ያ ዕቃ መቆረጡ ይሁን ሌላ፣ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ተጎትቶ ቃሊቲ ወደሚገኘው የድርጅቱ ጋራዥ መጣ። ባለሊብሬ ስለሆንኩ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ።

ቴክኒሻኑ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ «ማጣሪያው የት ሄደ?» አለ።

«ማርሚታው?» አለ ንጉሤ። «ድንጋይ መታው። ለጊዜው ብለን ብየዳ አስነካነው።»

«ኮምፒውተሩንም ድንጋይ መታው?»

ንጉሤ ወደ እኔ ዞረ። «እሷ ታውቃለች። ንገሪው እንጂ እህቴ።»

ቴክኒሻኑ ክፉ ሰው አልነበረም። «ባለቤቷ እርስዎ ነዎት?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አደጋ ከሆነ አለቆቼን ላነጋግርልዎ እችላለሁ። ድንጋይ ነው?»

አንድ «አዎ» ነበር የሚፈለገው። ንጉሤ ዓይን ዓይኔን ያያል። የእናቴ ቤት በዚያች ቃል ላይ እንደቆመ አውቃለሁ። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። ዝም አልኩ።

ቴክኒሻኑ ትንሽ ጠበቀኝና «ገባኝ» ብሎ ሄደ።

ጋራንቲው ቀረብን፤ ሞተሩን በራሳችን ወጪ ማሠራት አልቻልንም። ባንኩ መጀመሪያ መኪናውን ሸጠ፤ ዕዳውን አልሸፈነም፤ ቀጥሎ ቤቱን።

ንጉሤ ተመልሶ የሰው መኪና ይነዳል። እኔ ባለሁበት አይመጣም። ታዴ ሥራው ደርቷል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አይነፍገኝም። ቆርጦ የጣለውን እርሱን የሚወቅስ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ዛሬም ብጠየቅ የምዋሽ አይመስለኝም። በዚህ ግን አልኮራም፤ የሚያኮራ ነገር ፈልጌ አጥቼበታለሁ።

እናቴና እኔ አሁን ሳሪስ አቦ ተከራይተን እንኖራለን። እንግዳ ሲመጣ እናቴ በእጇ ወደ እኔ ታመለክትና «ይቺ የተማረችዋ ናት» ትላለች። እንግዶቹ ሙገሳ መስሏቸው «እሰይ፣ ትባረክ» ይሏታል።