ሰላምታ ያልመለሰው መጥረቢያ

ከተራራው በኩል የመጥረቢያ ድምፅ ሲመጣ ጆሮዬ መቆሙን ይጠብቃል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይልና ከዚያ ድንገት ጸጥ ማለት አለበት፤ ልጅ ሆኜ የለመድኩት እንደዚያ ነበር። ዛሬም ከግራና ከተማ በላይ ባለው መንደራችን ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ያ ድምፅ ሲሰማኝ፣ ትንፋሼን ይዤ ጸጥታውን እጠብቃለሁ፤ ከጸጥታውም ቀጥሎ የአባቴን ድምፅ።

አባቴ ሰይድ ይባል ነበር፤ ገበሬ ነበር፣ የዱር ጠባቂም ነበር። ጠባቂ ስላችሁ ደመወዝተኛ፣ ካኪ የለበሰ እንዳይመስላችሁ። ከመንደራችን በላይ በሁለት ገደል መሀል የወይራና የዋንዛ ዱር ነበረን፤ ከሥሩም መንደሩ ሁሉ የሚጠጣው ምንጭ ይወጣ ነበር። ቅሬያችን፣ ያው ሰው ሲሞት ተሰብስቦ የሚቀብረው ማኅበራችን፣ ዱሩ ካለቀ ምንጩም ይነጥፋል ብሎ እንጨት መቁረጥ ከለከለ። ማን ይጠብቀው ሲባል ግን ሁሉም ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ ያን ጊዜ አባቴ ብድግ ብሎ «እኔ፣ ለአላህ ብዬ» አለ። ያችን ቃል እናቴ እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለቻትም።

ዱር መጠበቅ ከሰው መጣላት ነው፣ አባቴ ደግሞ ጠብ አይሆንለትም ነበር። ዱላ ይይዛል እንጂ ሲመታበት አላየሁም። መጥረቢያ ሲሰማ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣና፣ ሌባው ከተደበቀበት ቁጥቋጦ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሰላሙ ዐለይኩም!» ይል ነበር። ሰላምታን ሰምቶ አለመመለስ በኛ ዘንድ ወንጀል ነው፤ ሌባም ቢሆን ያውቀዋል። መጥረቢያው ቀጥ ይላል፣ ትንሽ ዝም ይባላል፣ ከዚያ ከቅጠሉ ውስጥ ቀጭን፣ የተከፋ ድምፅ «ወዐለይኩሙ ሰላም» ብሎ ይወጣል። በቃ፣ በድምፁ ታወቀ፣ ተያዘ። አባቴም መንገድ ላይ እንዳገኘው ሁሉ «አሊ፣ አንተ ነህ? ልጆቹ ደህና ናቸው?» እያለ ይጠጋዋል። የተያዘ ሰው መጥረቢያውን ለቅሬው ያስረክብና ቀጣዩን መቃብር ብቻውን ይቆፍር ነበር።

ክረምት ሲገባ ገደሉ ስለሚያዳልጥ ቆራጭ አይወጣም፣ አባቴም ያርፍ ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል እጄን ይዞ ወደ ምንጩ ይወስደኝና አንዲት ድኩላ ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ እናይ ነበር፤ ከጥጥ እንደተሠራች ሁሉ ድምፅ ሳታሰማ መጥታ፣ ጆሮዋን አንዴ ወደኛ አንዴ ወደ ዱሩ እያዞረች ትጠጣለች። አባቴ ጣቱን አፉ ላይ ያደርግና፣ ስትሄድ «እንግዳችን ጠግባ ሄደች» ይለኝ ነበር።

ማሽላው መቅላት ሲጀምር ግን ቤታችን ሰላም አልነበረውም። ጦጣዎቹ ከዱሩ ወርደው፣ ያን ሁሉ ማሳ ትተው፣ የኛን ማሽላ መጀመሪያ ይጎበኙ ነበር፣ ለዱሩ የቅርቡ እርሻ የኛ ነውና። እኔ ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ሳሽከረክር ክንዴ ዝሎ ይውል ነበር። እናቴ የተቦጨቀ የማሽላ ራስ ይዛ ትመጣና «ሰው ማሽላውን ከጦጣ ይጠብቃል፣ እርስዎ ጦጣውን ከሰው ይጠብቃሉ!» ትለው ነበር። አባቴም ማሽላውን ተቀብሎ የተረፈውን ፍሬ እየፈለፈለ፣ «ታዲያ ወዴት ይሂዱ? ወልዲያ ገብተው ሻይ ቤት አይከፍቱ» ይላል። እኔ እስቅ ነበር፣ እሷ ግን አትስቅም፤ የጎተራው ሥር የሚታያት እሷ ነበረች።

በበጋ፣ ሰው ሞፈርና ቀንበር በሚያሰናዳበት ጊዜ፣ የአባቴ እግር አያርፍም ነበር። ካሳ የሚባል ክርስቲያን ጎረቤታችን በነገሩ ይቀልድ ነበር፦ «ጋሽ ሰይድ፣ እኔን በምን ሊይዙኝ ነው? ሰላምታው የናንተ፣ እኔ ምን አገባኝ!» አንድ ቀን አባቴ ዱሩ ውስጥ መጥረቢያና ሳል ሰማና፣ ሳሉ የማን እንደሆነ ለይቶ፣ «ካሳ፣ እንደምን ዋልክ?» ብሎ ተጣራ። «እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ ካሳ፣ ካለም በኋላ አፉን በመዳፉ መታ። ታሪኩ እስከ መርሳ ገበያ ደረሰ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ይማም ነበር፤ አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ጎረቤታችን፣ የአባቴ አብሮ አደግ። ካሳ መቃብር ሲቆፍር አጠገቡ ቆሞ፣ ከጉድጓዱ ቀና ባለ ቁጥር «እንደምን ዋልክ?» ይለው ነበር።

ከዚያ በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ተከትሎት ቀረ። መርሳ አስፋልቱ ዳር ከሰል የሚገዙ መኪኖች መቆም ጀመሩ። አንድ ረፋድ ከአባቴ ጋር የውሃውን ቅል ይዤ ስወጣ መጥረቢያ ሰማን። አባቴ ቆመና «አሰላሙ ዐለይኩም!» አለ። ቋ። ደገመ። ቋ፣ ቋ። ሦስተኛውን ሲል ድምፁ ተሰበረ፣ መጥረቢያው ግን አልቆመም። ቅጠሉን ገልጠን ገባን። ይማም ነበር።

«ሰምቼሃለሁ ሰይዴ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ብመልስልህ መጥረቢያውን ማስቀመጥ አለብኝ። ካስቀመጥኩት ልጆቼ ዛሬም ሳይበሉ ማደራቸው ነው።»

እኛም ቤት ጎተራው ተጠርጎ ነበር። አባቴ ዱላውን ተደግፎ «ና እንሂድ» አለኝ፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ዐይኑ እርጥብ ነበር። ይማምን ለቅሬው አልከሰሰውም። ይማምም ከዚያ ወዲህ በደጃችን አላለፈም፤ ገበያ ሲሄድ እንኳ በገደሉ ዞሮ ይወርድ ነበር። እሱን ያየ ሌላው ተከተለ፣ ዱሩ ጉቶ ሆነ፣ ድኩላዋም ቀረች። ምንጩ እየቀጠነ ሄዶ ጭቃ ብቻ ሆነ። እናቴ ማሽላዋን የሚነካ ጦጣ በጠፋ ጊዜ ውሃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ትሄድ ነበር።

አሁን እኔ አባቴ ካረጀው በላይ አርጅቻለሁ። ተራራው እንደገና ተከልሎ ማን ይጠብቀው ሲባል ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ፣ እኔም እጄን አወጣሁ። ልጄ ዘይነባ «አባዬ፣ ደግሞ እርስዎ?» ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። በየክረምቱ ወጣቶች በመኪና መጥተው፣ ችግኝ ተክለው፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ጥር ላይ ፍየል ገብቶ ይለቅመዋል። የፍየሉን ባለቤት ስናገር «አባባ፣ ፍየል ምን ያውቃል?» ይለኛል። በጄሪካን ውሃ እየተሸከምኩ ያቆየኋቸው ጥቂት ወይራዎች ደረቴ ደርሰዋል። አንድ ቀን ከሥራቸው የድኩላ ኮቴ አየሁ፣ ብቻዬን «እንግዳችን መጣች» አልኩ፤ የሚሰማኝ አልነበረም።

ባለፈው በጋ ከነዚያ ወይራዎች በኩል መጥረቢያ ሰማሁ። ዱላዬን ይዤ ወጣሁና እንደ አባቴ ቆሜ «አሰላሙ ዐለይኩም!» አልኩ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም አባባ! እንደምን ዋሉ?» አለኝ ከውስጥ፣ የሞላ፣ የደስ ደስ ያለው የወጣት ድምፅ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ፣ ሳላስበው አፌ ቀደመኝ።

«ፀሐዩ ከባድ ነው፣ አይቁሙ፣ ወደ ጥላ ጠጋ ይበሉ!» አለኝ ደግሞ፣ ከልቡ አዝኖልኝ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ይማም ሰላምታና መጥረቢያ አብረው እንደማይሄዱ ያውቅ ነበር፤ መጥረቢያውን ላለማስቀመጥ ሰላምታውን ተወ፣ ስለተወውም ደጃችንን ሸሸ። ይህ ልጅ የሚተወው የለውም፤ ነገም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ እጄን ይስማል። ዱላዬን ተደግፌ ድምፁ እስኪቆም ጠበቅሁ። አባቴን ያስለቀሰችው ያች የይማም ዝምታ ናፈቀችኝ።