የአፒዮ ተራ

አፒዮ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ነበረች። ኪሱሙ ከተማ ውስጥ ሚኒባስ ከሚነዱት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆም መሪውን በጣቶቿ ትደበድበዋለች፤ ወያላዋ ኦቡያም «እትዬ፣ መሪው ምን በደለሽ?» ይላታል።

አንድ ሰሞን የወንበር ቀበቶው ቀኝ ጡቷን ይፈትጋት ጀመር። ስትዳስሰው ሎሚ የሚያህል እባጭ አገኘች። የሰፈሯ ክሊኒክ ቆርጦ አወጣላትና «ክፉ አይደለም» ብሎ ሸኛት፤ የወጣውን ሥጋ ግን ማንም አልመረመረውም። ቁስሉ በቅጡ ሳይሽር እባጩ ተመለሰ። የዝናቡ ወራት ሳያልፍ ማንጎ አከለ፤ ቆዳዋ ተወጥሮ የደም ሥሯ ተገተረ። ጎረቤቶቿ «ብረት ስለነካው ነው የተቆጣው፤ ዳግም እንዳታስነኪው» አሏት። አመነች።

መንታ እህቷ አዶንጎ ግን አላመነችም። መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ሰማይና ምድር ነው። አዶንጎ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፤ ከያዘች ግን አትለቅም። እየጎተተች ኤልዶሬት ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰደቻት።

ዶክተር ጄሮቲች ጡቷንም ብብቷንም ዳሰሰችና «በፊት የወጣው ሥጋ የታለ?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ! ጣሉት መሰለኝ።»

ዶክተሯ ከንፈሯን ነከሰች። በወፍራም መርፌ ናሙና ወሰደች። መርማሪዎቹ በናሙናው ስላልተስማሙ ናይሮቢ ተልኮ እንደገና ታየ። በዚያ መሀል አፒዮ ልቧ ከእሷ ጋር አልነበረም፤ «ወራጅ አለ!» እየተባለች ታልፍ ጀመር።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አፒዮ እንደቆመች ቀረች።

«እናቴ፣ ይሄ ብዙ ሴቶችን የሚይዘው የጡት ካንሰር አይደለም። ሳርኮማ ይባላል። ከወተት መስመሩ ሳይሆን ጡቱን ደግፎ ከያዘው ሥጋ ነው የሚነሳው። ብርቅ ነው፤ እኔም ያየሁት ጥቂት ነው።»

«ኪኒን የለውም?»

«ለዚያኛው የሚሰጠው ኪኒን ለዚህ አይሠራም። ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ሰፋ አድርጎ ማውጣት ነው። የእርስዎ ትልቅ ስለሆነ ጡቱ በሙሉ ይነሳል። ብብትዎን አንነካውም፤ እንደዚያኛው በብብት በኩል አይሄድም፣ ይሄ በደም አድርጎ ሳንባን ነው የሚፈልገው። ሳንባዎ እስካሁን ደህና ነው።»

«እስካሁን?»

«እንቸኩል ማለቴ ነው።»

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት አፒዮ የሆስፒታሉን ጋውን አውልቃ ወጣች። እግሯ አውቶቡስ ተራ አደረሳት። «ኪሱሙ! ኪሱሙ!» የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገባች፤ ወረደች፤ ደግማ ገባች። ስልኳ ጮኸ።

«የት ነሽ?» አለች አዶንጎ በሹክሹክታ።

«አንቺስ የት ሆነሽ ነው የምታንሾካሹኪው?»

«አልጋሽ ላይ። ጋውንሽን ለብሻለሁ። ተራሽን ለሌላ ሊሰጡብሽ ሲሉ ገብቼ ተኛሁ። ነርሷ ‹አፒዮ› ስትለኝ ‹አቤት› ብያለሁ።»

«አብደሻል!»

«አልጋውን ሊገፉት ነው። ካልመጣሽ የኔን ይቆርጡታል።»

«ዶክተሯ ዕውር መሰለችሽ? ያንቺ'ኮ ደህና ነው!»

«እሱን እዚያ ስደርስ እነግራታለሁ። ነይ አንቺ ግትር!»

አፒዮ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጣ ስትደርስ አልጋው ኮሪደር ላይ ነበር። ነርሷ ሁለቱን ስታይ መጀመሪያ አማተበች፣ ከዚያ አዶንጎን እስኪበቃት ተቆጣቻት። አዶንጎ አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ የእህቷን እጅ ግን አልለቀቀችም።

ዕጢው በሙሉ ወጣ። በደረቷ ጡንቻ በኩል ግን ጤነኛው ጠርዝ ስስ ሆኖ ስለተገኘ የጨረር ሕክምና ታዘዘላት። ቆዳዋ የፈላ ውሃ እንደነካው ተላጠ። ሲሽርላት ወደ ሚኒባሷ ተመለሰች፤ ማርሽ የሚቀይረው ግራ እጇ ደህና ነው፣ ቀኝ ክንዷ ግን እንደ ቀድሞው አይታዘዛትም።

በሽታው እንዳይመለስ ሳንባዋ በየጥቂት ወሩ ይታይ ጀመር፤ በሁለተኛው ምርመራ አንዲት ትንሽ ነጥብ ታየች። «የድሮ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ልትሆን ትችላለች፤ ካደገች ግን እናወጣታለን» አለች ዶክተሯ። በተከታዩ ምርመራ ነጥቧ አላደገችም፤ ከዚያም በኋላ አላደገችም። ቢሆንም ቀጠሮው በተቃረበ ቁጥር አፒዮ እንቅልፍ የላትም። ቤት ውስጥ ትንጎራደዳለች። አዶንጎ ላስተኛት ብላ ትመጣና ራሷ ቀድማ ታንኮራፋለች።