ስድስተኛዋ ልጅ

ይህን ያጫወተችኝ እዚህ ዐረብ አገር፣ ሱለይማኒያ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሀብታም ቤት የምትሠራው ሐዋ ናት። ተስፋዬ የዚያው ቤት ሾፌር ነው፤ እዚህ እኛ ሰፈር ሙረባዕ ደግሞ ከእኔ ጋር ግድግዳ እንዋሰናለን። ሚስቱ አልማዝ ጸጉር ቤት ውላ የምትገባው ማታ ነው። ልጃቸውን ሳምሪን ከትምህርት ቤት በፊትና በኋላ የሚይዝላቸው ሰው ጠፋ። ካልተገኘ አገር ቤት ለአያቷ ሊልኳት ነው። እኔ እያለሁ! ለካ አልማዝ "እሷ ጋ ከዋለች ወሬ ለምዳ ትመጣለች" ብላ ኖሯል።

ትንሽ ቆይቶ ሳምሪ ማታ ማታ የሀብታም ዐረብ ቤት ዕጣን፣ ዑድ ዑድ እየሸተተች መግባት ጀመረች።

"ተስፋዬ ወንድሜ፣ ልጅቷን የት ነው የምታውላት?" ብለው፣

"እግዜር ያውቃል እህቴ" ብሎኝ በሩን ዘጋ።

ለካስ የአሠሪውን የማዳሟን አምስት ልጆች ሲያመላልስ ሳምሪንም መሀላቸው ይሸጉጣታል። ጠዋት በየትምህርት ቤታቸው ያወርዳቸውና፣ ሲለቀቁ ሁሉንም ማዳሟ ቤት ያራግፋል። ማዳሟም ምንም ሳትናገር ከልጆቿ ጋር ምሳ ታበላታለች።

አንድ ቀን ጠራችው።

"የእኔ ልጆች አምስት ናቸው። ስድስተኛዋ የማን ናት?"

ተስፋዬ ኸላስ፣ አለቀልኝ፣ ሥራዬም ልጄም ሄዱ ብሎ አንገቱን ደፋ። "የእኔ ናት ማዳም።"

"የአንተ?" ብላ ሶፋው ላይ ዝርፍጥ አለች። "እኔ እኮ ባሌ ተደብቆ ያገባት ሐበሻ የወለደችለት መስላኝ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ነገም አምጣት።"

ሳምሪ ሳትላክ ቀረች፤ እዚያው ትውላለች። አልማዝ ጸጉር ቤቷ፣ ተስፋዬ መኪናው ላይ ናቸው። የማዳሟ ባል ያን ሰሞን ከመኝታ ቤቱ ተባሮ ለምን እንግዳ መቀበያው መጅሊስ ውስጥ እንዳደረ ግን እስከ ዛሬ የነገረው የለም።