ፈዋሹን የመታው ጦረኛዬ

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ሆነን ሰበታ፣ እኔ የተከራየሁበት ቤት እንሰበሰብ ነበር። የምንጫወተው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ነው፤ አንዷ ታሪኩን ትተርካለች፣ ሦስታችን ወረቀት ላይ የፈጠርናቸውን ሰዎች ሆነን ምን እንደምናደርግ እንናገራለን። ይሳካ አይሳካ የሚወስነው የምንወረውረው፣ በሃያ ፊቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ነው።

የእኔ ሰው ጦረኛ ነበር። የተሰጠኝን ነጥብ ጉልበቱና የብረት ልብሱ ላይ ጨረስኩት፤ ድግምት ለሚቋቋምበት የመንፈስ ጥንካሬው የተረፈው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ተራኪያችን፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ወረቀቱን አይታ እንደዚህ ይሻልሃል ወይ ብላኝ ነበር። ለጦረኛ ክንድ ይበቃዋል ብዬ መለስኩላት።

የቆሰለብንን የሚያድነው ፈዋሽ ደግሞ የጓደኛዬ ሰው ነበር። ከሱሉልታ ታክሲ እየቀያየረ ነው የሚመጣው። ያን ሰሞን ቡራዩ ባለ አንድ ፋብሪካ ለአንድ የሥራ ቦታ ሁለታችንም ተወዳድረን እሱ አለፈ። እንኳን ደስ አለህ አላልኩትም። እሱም ነገሩን አላነሳውም፤ ዝም ተባብለን ነበር የምንጫወተው።

ያን ቀን ዋሻ ውስጥ አንዲት ጠንቋይ ጦረኛዬን ዓይን ዓይኑን እያየች ደገመችበት። ለመቋቋም ዳይሱን ወረወርኩ። ትንሽ ነጥብ ጎደለኝ።

«አሁን የእሷ ነህ» አለች ተራኪያችን ዝቅ ባለ ድምፅ። «አጠገብህ ያለውን ምታ ብላሃለች።»

አጠገቤ ያለው ፈዋሹ ነበር፤ ቀድሞም ቆስሏል። አራተኛው ተጫዋች ሌላ መንገድ ካለ እንፈልግ አለ። ተራኪዋ የለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ጓደኛዬ እኔን እንጂ ዳይሱን አላየም። ዳይሱ እጄ ውስጥ ሲሞቅ ይሰማኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትልቅ ቁጥር እንዲወጣ ፈለግሁ።

አሥራ ሰባት ወጣ። ያ ሁሉ የከመርኩት ጉልበት አንድ ላይ አረፈበት። ጓደኛዬ ሁለት ዓመት የተጫወተበት ፈዋሽ ሞተ።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተነሣ። ታክሲ መያዣው ድረስ ተከተልኩት። ጨዋታ እኮ ነው አልኩት፤ ዳይስ ያመጣውን ምን ላድርግ አልኩት። ረዳቱ እየተጣራ ነበር። አንድ እግሩን ታክሲው ውስጥ ካስገባ በኋላ ዞረ።

«የዳይሱን አይደለም የምልህ። ስትወረውር ፊትህን አይቼዋለሁ።»

ሦስት ቅዳሜ ቀረ። ስደውል አያነሳም። በአራተኛው እሱን ፍለጋ ሱሉልታ ሄድኩ። አባቱ በር ላይ ተቀብለውኝ በኦሮምኛ ከነቤተሰቤ ጤንነቴን ጠየቁኝና አስገቡኝ። ጓደኛዬ ሲያየኝ አልተነሣም። መናገር የነበረብኝን ቁጭ ሳልል ተናገርኩ፤ በሥራው ቀንቼብህ ነበር፣ እጄም ልቤን ተከትሎ ነው የወረወረው አልኩት። 

«ቁጭ በል» አለኝ በመጨረሻ። ቀጥሎ ደብተሩን አምጥቶ ባዶ ገጽ ገለጠ። «እኔም ጦረኛ ልሠራ አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?»

ከመንፈስ ጥንካሬው ጀምር አልኩት። የለም፣ ጋሻ ከሌለው እስከ ጠንቋይዋም አይደርስም አለኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ተከራከርን፤ ቅልጥፍናውን ቀንስለት፣ አይ ጨምርለት እየተባባልን። አባቱ ከወዲያ ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው ኖሮ ብቅ አሉ።

«ይሄ የምትከራከሩለት ሰውዬ ግን» አሉ፣ «እዚሁ አካባቢ ነው የሚኖረው?»