እግሩን ያላመመው በረኛ

ታላቅ ወንድሜ አድማ በታኝ ፖሊስ ነበር። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚለወጥ ሰዎች አሉ፤ ይለወጥ። እኔ የምጽፈው የማውቀውን ሰው ነው።

ካገባም በኋላ የምኖረው ከእሱና ከሚስቱ ጋር ስለነበር ዩኒፎርሙን የምተኩስለት እኔ ነበርኩ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ድርብ ነው፤ ካውያውን ጫን ካላሉት አይተኛም። የጋሻው ማሰሪያ የሚያርፍበት የግራ ክንዱ ጸጉሩ አልቆ ቆዳው ያብለጨልጭ ነበር። ጋሻው እንደ መስታወት የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው፤ ነገር ግን ከኋላው የቆመ ሰው ትንፋሹ ያደበዝዝበታል። «እነሱ እኔን ያዩኛል፣ እኔ የራሴን ትንፋሽ አያለሁ» ይል ነበር።

የአድማ በታኝ ክፍሉ የተቋቋመው በአንድ ኳስ ሜዳ ከደረሰ አደጋ በኋላ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ጠብ ተነሣ፤ ፖሊሶች ሕዝቡን ከኋላ ይገፋሉ፣ ከፊት ያለው የብረት በር ደግሞ ተቆልፏል። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። የሞቱት ዱላ አላረፈባቸውም፤ ትንፋሽ አጥተው ነው። ያኔ ተራ ፖሊስ የነበረው ወንድሜ የወደቁትን ከበሩ ሥር ካነሡት አንዱ ነበር። ለእኔ የነገረኝ ስለ ጫማዎቹ ብቻ ነው። «ሜዳው ሙሉ ጫማ ነበር፤ ጥንድ የሆነ ግን አላየሁም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ፣ ብዙ ሕዝብ ባለበት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይቁም ተባለና አድማ በታኝ የሚባለው ክፍል ተመሠረተ። አሠልጣኛቸው ድምፁ የጎረነነ አንድ ሽማግሌ ሳጅን ነበር። ጋሻ ሳያስይዛቸው በፊት አሰልፎ ጠየቃቸው።

«ማን ነው ስማችሁ?»

«አድማ በታኝ!»

«መሄጃ የሌለው ሰው ወዴት ይበተናል?»

መልሱን ራሱ ሰጣቸው።

«ወደ እናንተ ነዋ! ስለዚህ መንገድ ስትዘጉ በር ተዉ።»

በሩ እንዲህ ነው። ፖሊሶቹ ጋሻ ለጋሻ ገጥመው መንገዱን ይይዛሉ፤ በአንዱ ጫፍ ግን፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋሉ። እዚያ ጫፍ ላይ የሚቆመው በረኛ ይባላል። በረኛ አይመታም፣ አያሯሩጥም፤ «ቀስ፣ ቀስ፣ በዚህ» እያለ ማሳለፍ ነው ሥራው። ለዚህ ደንዳና ትከሻ ያለውና የማይቸኩል ሰው ስለሚፈለግ ወንድሜን መረጡት። ስሙም ሰፈር ድረስ ተከትሎት መጣ።

«በረኛው፣ ዛሬ ስንት ገባብህ?» ይሉታል።

«እኔ የሚወጣውን ነው የማየው» ይላቸዋል።

ገበያ ሲቃጠል፣ ተማሪ ሲያምፅ፣ የታላቅ ሰው ቀብር ሲሆን የሚጠሩት እነሱ ነበሩ። መላእክት ነበሩ አልልም። ቆመጣቸው ያረፈበት ጎረቤት ነበረን፤ የወንድሜ ሚስት ቁስሉን ስታጥብለት ወንድሜ ጓሮ ወጥቶ ተቀመጠ፣ እራቱንም አልበላም። ነገር ግን እንደ ኳስ ሜዳው ያለ ሞት ዳግም አልደረሰም፤ በሩ ነበረና።

ሽማግሌው ሳጅን ጡረታ ወጣ። ክፍሉ አዳዲስ መኪናና አዲስ ኮማንደር ተቀበለ። ኮማንደሩ ገና ከመምጣቱ «በር የሚተው ፈሪ ነው» አለ። «ዛሬ የበተናችሁት ነገ ተመልሶ ይወጣል። ክበቡና ልቀሙ!»

ብዙም ሳይቆይ የጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች የማኅበራችን ሰብሳቢ ትፈታልን ብለው ሰልፍ ወጡ። ከመጋዘኖቹ መካከል ያለውን መንገድ ይዘው ገቡ፤ መንገዱ መጨረሻው የግንብ አጥር ነው። አድማ በታኞቹ ከኋላ ደርሰው መግቢያውን ያዙ። ወንድሜ መግቢያው ጥግ ባለው መድኃኒት ቤት ግድግዳ በኩል፣ እንደ ልማዱ ክፍተቱን ትቶ ቆመ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ሴቶቹ በሻርፕ አፋቸውን ይዘው፣ እየተገፋፉ ተመለሱ።

«በረኛ! ዝጋ!» ብሎ ኮማንደሩ ከኋላ ጮኸ።

መዝጋት ማለት ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ጋሻውን ከግድግዳው ማጋጠም ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ወንድሜ ወይ ፍንክች!

«ዝጋ ብያለሁ! አትሰማም?»

«እሰማለሁ፣ ጌታዬ» አለ ዞር ሳይል። ወዲያው ጋሻውን ዝቅ አድርጎ ወደ ሴቶቹ፣ «ቀስ፣ እናቶች፣ ቀስ፣ በዚህ» አለ።

ከመካከላቸው የነበረች አንዲት ክር ፈታይ ኋላ ቤታችን መጥታ እንዲህ ብላ አጫወተችኝ። «ወጥመድ መስሎኝ፣ 'አንተ፣ ልትይዘን ነው?' አልኩት። 'እጄ ጋሻ ይዟል፣ እህቴ፣ በምኔ እይዝሻለሁ? ይልቅ የወደቀችውን አንሥተሽ ሂጂ' አለኝ።»

ኮማንደሩ የፖሊሶቹን ረድፍ ሰንጥቆ ደርሶ በጋሻው ማሰሪያ ጎትቶ እስኪያወጣው ድረስ አብዛኞቹ አልፈው ነበር። የቀሩት ተያዙ። የሞተ ግን አልነበረም።

ወንድሜ ከሥራ ታግዶ ቤት ዋለ። የክፍሉ ሐኪም ወዳጁ ስለነበር ሊመክረው መጣ።

«ስማኝ፣ በረኛው። እግሩ ተሳስሮበት ነው ብዬ እመሰክራለሁ። አንተም አሞኝ ነበር በል። ሥራህም ጡረታህም አይነካም።»

«'እሰማለሁ' ያልኩትስ?»

«ጭስ ውስጥ ሰው የማይለው ምን አለ?»

ሐኪሙ ሲሄድ የወንድሜ ሚስት መቀመጥ አቃታት።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አለበት ብትል? በአንተ ዕድሜ እግሩን የማያመው ማን አለ? የኔን ውሰድ፣ የኔ እውነት ያማል!»

«ያንቺ እግር እዚያ አልነበረማ።»

«ልጆቹስ በምን ይደጉ?»

መቼም ልጆቹን አይወድም የሚል አይገኝም። ግን እንዲህ አለ፦ «እኔ አሞኝ ነው ካልኩ፣ ነገ እዚያ ቦታ የሚቆም እግሩ ደህና የሆነ ልጅ ይዘጋል ማለት ነው። በሩ በሕመም የሚከፈት አይደለም።»

እኔ በነገራቸው ገብቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልገባሁም። «ወንድም ጋሼ፣ ዩኒፎርሙን ልተኩሰው?» ብቻ አልኩት።

«ተኩሺው» አለኝ። ጉልበቱን ጫን አድርጌ ተኮስኩት።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት የሆነውን ራሱ እየሣቀ ነው የነገረን። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መልሱን አጉርሶት ነበር። «እግርህን አሞህ ነበር አይደል? አዎ በልና እንገላገል።»

«ደህና ነበር፣ ጌታዬ። ዛሬም ደህና ነው» አለና ቀኙን አንሥቶ በግራው ብቻ ቆመ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያሳየሁ ነው።»

«አውርድ እግርህን!»

አወረደና ግራውን አነሣ። «ይኸኛውም ደህና ነው።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳል አስመስሎ ሣቀ። ኮማንደሩ ግን ጠረጴዛውን መታ። «ታዲያ ለምን አልዘጋህም?»

«ሰው ነበረበት» አለ ወንድሜ።

አባረሩት። ጋሻውን፣ የራስ ቁሩንና ቆመጡን አስረክቦ ወጣ።

ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ምን አልካቸው?»

«ደህና ነው አልኳቸው።»

እግሩን ቁልቁል አየችው። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው ደህና ከሆነ» አለች፣ «ነገ በጠዋት በእግርህ ሥራ ትፈልጋለህ። ለታክሲ አልሰጥህም።» ከንፈሯን ነክሳ ልትችለው ሞከረች፤ ግን ሣቁ አመለጣት።

በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ አየሁት። ሥራ ፍለጋ ወደ መናኸሪያ የሚያወጣ አቋራጭ እያለ ዞሮ በክፍሉ ቅጥር ፊት ለፊት ነበር የሚሄደው። ኮማንደሩ ከነጓዶቹ በር ላይ ቆሟል። ወንድሜ ፊቱን አላዞረም፣ አልፈጠነምም። መንገዱን ይዞ፣ ሳያነክስ፣ ቀስ ብሎ አለፈ።