ቨርዲ የሰረዘችው ስም

ሆበርት በሰኔው የቁርባን ቀን ካልሲዬን አላወልቅም ያለ ጊዜ ነገሩ መታወቅ ነበረበት። በዚያች የኬንታኪ ተራራ ላይ ባለች ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንዴ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጎንበስ ብለው እግር ይተጣጠባሉ። ሆበርት ግን ጉንፋን ይዞኛል ብሎ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ሚስቱ ቨርዲ አፈረችበት እንጂ አልጠረጠረችም። ሠላሳ ዓመት ከሰል ሲቆፍር የኖረ ሰው ሕመም ልደብቅ ካለ ማን ይችለዋል።

በሐምሌ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሲጥለው ካልሲውን ገፈፈችው። የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ጠቁራለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ይዘህ ነው ስትንጎራደድ የከረምከው?"

"አያመኝም እኮ።"

"ስኳር ያለበት ሰው መቼ ያመዋል! ተነስ፣ ሆስፒታል።"

"ሆስፒታል ሬሳዬን ውሰጂ።" ወንድሙ በእግሩ ቁስል ገብቶ አንድ እግሩን ትቶ የወጣው ከዚያ ነው። "ነርስ ካገኘሽ እሄዳለሁ።"

በዚያ አገር ሐኪም ብርቅ ነው፤ መርምረው መድኃኒት የሚያዝዙት በትምህርት የገፉ ነርሶች ናቸው። የእነሱ ነርስ በጸደይ ጡረታ ወጥታለች። ሰኞ ጠዋት ቨርዲ የመንግሥት የጤና መድን ካርድ የሚቀበሉ ነርሶች ስም ያለበትን መጽሔት አወጣች። አሥራ አንድ ስም አለ። የመጀመሪያው ግሌና ካውዲል ይላል፤ በመኪና የሩብ ሰዓት መንገድ ናት። ቨርዲ እስክሪብቶ አንስታ ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘችው።

እውነቱን እንናገር ካልን ግሌና ምንም አላደረገቻትም። ሁለቱ ዘጠኝ ዓመት እግር ሲተጣጠቡ የኖሩ ናቸው፤ ቨርዲ የግሌናን እግር ከራሷ እግር ለይታ አታየውም ነበር። ከዚያ ግሌና የሚደበድባትን ባሏን ፈታ ሌላ አገባች። ፈትቶ ማግባት በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት ነውና ምእመኑ ትባረር ወይስ ትቆይ ብሎ ሲሰበሰብ ቀድማ የተነሳችው ቨርዲ ናት። ትባረር አለች፤ ተባረረችም። ይኸው ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት፣ ገበያ ላይ እንኳ ስታያት መንገድ ትቀይራለች። በምን ዓይኗ ትለምናት።

ስለዚህ ሌሎቹ ጋ ደወለች። ሁለተኛዋ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሦስተኛው አገር ለቋል። አራተኛው ጋ ያነሳችው ልጅ ድምጿ ጣፋጭ ነበር።

"ካርዱንማ እንቀበላለን የኔ ማር። አዲስ ሕመምተኛ ነው የማንቀበለው። ጥቅምት ላይ ይሞክሩ።"

"ጥቅምት ላይ እግር አይኖረውም።"

"ውይ፣ አዝናለሁ።"

ማዘን ምን ያደርግላታል። ማክሰኞም እንዲሁ አለፈ። ረቡዕ አንዱ እሺ ብሏት ሆበርትን ጭና ሁለት ሰዓት ነዳች፤ እዚያ ሲደርሱ በመስኮት ያለችው ሴትዮ ካርዱን አገላብጣ አየችና ይሄንን ዓይነት ከተውን ሰነበትን አለች። ሲመለሱ ሆበርት ቀልድ አቆመ። ቨርዲ የፈራችው ያኔ ነው፤ ያ ሰው መቼም ቀልድ አያቆምም።

ሐሙስ ጠዋት ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይግላል። ከጣቱ የተነሳው ቅላት ቁርጭምጭሚቱን አልፏል። ቨርዲ መኪናው ውስጥ አስገብታው ወደ ግሌና ነዳች።

ክሊኒኩ ድሮ ነዳጅ ማደያ የነበረው ቤት ነው። በሩን የከፈተችው ራሷ ግሌና ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል።

"ካርዱን ትቀበያለሽ?" አለች ቨርዲ። ሰላምታ እንኳ አልወጣትም።

"የሁሉንም እቀበላለሁ። አስገቢው።"

ግሌና ሳህን ሙሉ ለብ ያለ ውኃ አመጣችና ተንበረከከች። እግሩን ቀስ አድርጋ አጠበችው። ቨርዲ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች፤ መሬት ብትውጣት በወደደች።

"መቼ ነው ያየሽው?"

"እሑድ።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው። አራት ቀን የት ነበራችሁ?"

"አትቆጫት" አለ ሆበርት። "ስልክ ስትጎረጉር ነው የከረመችው። ያ ውሸታም መጽሔት ሙት ሁሉ ሰብስቦ።"

ቨርዲ እዚያ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ባሏ ራሱ መውጫ ሰጥቷታል። እሷ ግን መጽሔቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ለግሌና ዘረጋችላት።

ግሌና ስሟ የተሰረዘበትን የተቀደደ ቦታ አየችው። ቀጥላ ወደ ሆበርት ዞረች። "ሰኞ ቢሆን ትንሿን ጣትህን አተርፋት ነበር። አሁን እሷ ሄዳለች። እግርህን ማትረፍ ከፈለግህ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትገባለህ። እኔ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ ካርድህንም ይቀበላሉ።"

ሆበርት ሚስቱን አያት። "ስሟ ነበረ እንዴ?"

"መጀመሪያ ላይ ነበር" አለች ቨርዲ። "እኔ ነኝ የሰረዝኩት።"

ግሌና ከወለሉ ሳትነሳ ፎጣውን ወደ ቨርዲ ዘረጋች። "እስክደውል በጣቶቹ መሃል አድርቂለት። እጅሽ ያውቅበታል።"

ቨርዲ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከግሌና ጎን ተንበረከከች። አራቱን ጣቶች አደረቀች። ትንሿ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"ጥረጊያት" አላት ሆበርት። "አያመኝም እኮ።"

ያኔ አለቀሰች።