ሙዙን የተከለችው ሻሺቱ ናት

ኤርጫፎ ሊፈታው የተነሳው ችግር ሲናገሩት ቀላል ነው። በየወሩ ከጌታ እራት በፊት ስለ ኃጢአቱ ይቅርታ ሲለምን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ታዲያ በላንቴ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ፊቱን ወደ ሙዝ ማሳው የሚያዞርባቸው ሰዎች ለምን አላለቁም?

ሰውየው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሙዝ ያመርታል፣ ጥቂት ማንጎም አለው፤ በሰፈሩ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ደግሞ ሽማግሌ ነው። እራቱ ሲቀርብ የንስሐውን ጸሎት የሚመራው እሱ ነበር። «ዐይናችንን እንጨፍን፤ የበደልነውን እናስብ» ይላል። አዳራሹን የሞላው ሰው ዐይኑን ይጨፍናል። የሚያለቅስ ያለቅሳል፣ የሚያንሾካሽክ ያንሾካሽካል። ከዚያ «አሜን» ይባልና ኅብስቱ ይዞራል። ኤርጫፎ ይህን ሰዓት ይወደው ነበር። ሲወጣ ገና ከወንዝ ታጥቦ እንደወጣ ሰው ቀልሎት ነው ቤቱ የሚገባው። ጸሎቱ ውስጥ አንድ ነገር መጉደሉን ያወቀው ሻሺቱ ከነገረችው በኋላ ነው።

ነገሩ በውሃ ስለጀመረ የውሃውን ሥርዓት ማወቅ ይበጃል። የላንቴ ሙዝ ዝናብ ብቻ ጠብቆ አይኖርም። ከወንዙ የተጠለፈ ዋና ቦይ አለ፤ ከእሱ ትንንሽ ቦዮች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ማሳ ውሃ የሚያገኝበት ቀንና ሰዓት አለው። ተራውን የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። በእነ ኤርጫፎ ቦይ የውሃ አባቱ ጋሽ ታምሩ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በልጅነታቸው ከጨንቻ ደጋ ወደ ቆላ የወረዱ ሽማግሌ። ሕጋቸው አንድ ነው። ውሃ የተለቀቀለት ሰው ዶማውን ይዞ ከውሃው ጋር ይውላል። ቅጠል ቦዩን ይደፍናል፣ አይጥ የቆፈረችው ቀዳዳ ይሰፋል፣ የቦዩ ዳር ይናዳል፤ ይህን ሁሉ አይቶ የሚደርስለት ሰው ያስፈልጋል።

የኤርጫፎ ተራ እሁድ ጠዋት ነበር። እሱ ደግሞ ካመነ ጀምሮ እሁድ ዶማ አይነካም። ስለዚህ መላ ዘየደ። ጎህ ሲቀድ ቦዩን ይከፍታል፤ «ከጸሎት በፊት ስለሆነ ሥራ አይባልም» ይላል፤ ከዚያ ታጥቦና ለብሶ ወደ ጉባኤ ይሄዳል። ውሃው ብቻውን ይውላል።

«ኤርጫፎ፣ ውሃና ጥጃ ብቻቸውን አይተዉም» ይሉታል ጋሽ ታምሩ።

«እግዚአብሔር ይጠብቀዋል ጋሼ።»

«እግዚአብሔርማ የውሃ አባትነቱን ለእኔ ሰጥቶ ነው የተቀመጠው።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አልተፈጠረም። ያሳሳተውም ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ አንድ እሁድ፣ ከአርባ ምንጭ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ጉባኤው እስከ ቀትር ቆየ። ቦዩ ማንጎው ሥር ተሰበረ። ውሃው ቁልቁል ወርዶ የሻሺቱ ማሳ ውስጥ ገባ። ሻሺቱ ከታች በኩል የምትዋሰነው ጎረቤቱ ናት፤ ባሏ በጥር ሞቶባታል። ሟቹ ሊተክለው አስቦ ያልደረሰበትን መሬት በዚያው ሳምንት በገዛ እጇ ቆፍራ ሠላሳ ስድስት የሙዝ ችግኝ ተክላበት ነበር። ችግኞቹ ገና ሥር አልያዙም። ውሃው ሲወርድ እሷም ቅዳሴ ላይ ነበረች። ሁለቱም ከየቤተ ክርስቲያናቸው ሲመለሱ ችግኞቹ ከነአፈራቸው ተጠርገው አጥር ሥር ተከምረዋል።

ኤርጫፎ ደነገጠ፤ ያደረገው ግን የለመደውን ነው። በሚቀጥለው እሁድ እራት ነበር። ዐይኑን ጨፍኖ አለቀሰ፤ የእውነት አለቀሰ። ቀለለው። ማክሰኞ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ ወደ ሻሺቱ ደጅ ሄደ። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ሻሺቱ፣ ስለዚያ ነገር ጸልዬበታለሁ። ጌታ ይቅር ብሎኛል» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «ጌታ ይቅር አለህ?»

«አዎ። ሰላም ተሰምቶኛል።»

«የቤተልሔም አባት፣ ሙዙን የተከለው ጌታ ነው እንዴ? የተከልኩት እኔ ነኝ። እኔን መቼ ጠየቅከኝ?»

ዘለላውን አንስታ መልሳ ትከሻው ላይ ጫነችለት። «ይህንንም ውሰደው፤ የጎደለኝ ሙዝ መሰለህ» አለችና ወደ ጎመኗ ዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረችውም። ለቦይ ጠረጋ መንደሩ ሲወጣ እሱ ከላይ ከጀመረ እሷ ከታች ትጀምራለች፤ መሃል ላይ ሊገናኙ ሲሉ ዶማዋን አንስታ ትሄዳለች።

ኤርጫፎ መጀመሪያ ተናደደ። «ኦርቶዶክስ ስለሆነች ጸሎታችን አይገባትም» አለ ለሚስቱ። ሚስቱ «የሙዙ ነገር ግን ይገባታል» አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይተወው ነበር። እሱ ግን አንድ ሙዝ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ከሥሩ ቆፍሮ ምክንያቱን ሳያይ የማያድር ሰው ነው። ልጁ ቤተልሔም የተወችውን ደብተር አነሳ፤ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈለ። በአንድ በኩል ወንጌሉ ይቅርታን ከእግዚአብሔር ለምኑ የሚልበትን፣ በሌላው በኩል ወደ ሰው ሂዱ የሚልበትን ይጽፍ ጀመር። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሁለተኛው ወገን ከጠበቀው በላይ ረዘመ። በተለይ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ መባ ይዞ የመጣ ሰው መባውን አስቀምጦ አስቀድሞ ከተቀየመው ወንድሙ ጋር እንዲታረቅ የሚታዘዝበት ቦታ ላይ። በዚህ ክፍል እሱ ራሱ ሦስት ጊዜ ሰብኮበታል። ሦስቱንም ጊዜ «በልባችሁ ታረቁ ማለት ነው» ብሎ ነው ያብራራው። «በልባችሁ» የሚለውን ከየት እንዳመጣው ገጹን እየደጋገመ ፈለገ። የለም። የጨመረው ራሱ ነው።

ከታች ስም ጻፈ። አምስት ሰው ሆነ። መጀመሪያ ሻሺቱ። ሁለተኛ ዘካሪያስ።

ዘካሪያስ የጉባኤያቸው አባል ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአጎቱ ጋር በድንበር ተጣላ፤ ጉዳዩ ዱቡሻ ላይ ታየና ታረቁ። ዱቡሻ ጋሞዎች በየመንደሩ ያላቸው የጉባኤ ሜዳ ነው። ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል፣ እርጥብ ሣር ይዘው ያስታርቁበታል፣ የበደለ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ በደሉን በአፉ ይናገርበታል። የጥንቱ እምነት እንደሚለው የተደበቀ በደል ጎሜ ይሆናል፤ በሽታና ድርቅ ያመጣል። የኤርጫፎ ጉባኤ ደግሞ ጎሜን መፍራት እምነትን መካድ ነው ብሎ ያስተምራል። ስለዚህ ዘካሪያስ ዱቡሻ በመቆሙ ከጉባኤው ታገደ። የውሳኔውን ወረቀት በምእመኑ ፊት ያነበበው ኤርጫፎ ነው። ዘካሪያስ ቤቱን ሸጦ ወደ ምዕራብ ዓባያ ሄደ።

ኤርጫፎ ደብተሩን ይዞ ጋሽ ታምሩ ዘንድ ሄደ። «ሻሺቱን እንዴት ላናግራት? በሯ ላይ ስደርስ ወደ ቤት ትገባለች።»

«ዱቡሻ ቁማ። እዚያ ገብታ የምትዘጋው በር የለም። ትሰማሃለች።»

«እኔ? ዱቡሻ?»

«አባትህ የቆመበት ቦታ ነው፤ እሾህ የለውም።»

ቀጥሎ ወደ ፓስተር ሶፎንያስ ሄደ። ፓስተሩ የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት ነው፤ የተማረ፣ የሚያዳምጥ። ደብተሩን ገጽ በገጽ አነበበው።

«ጋሽ ኤርጫፎ፣ የጻፍከው ልክ ነው» አለ። «ግን አንተ ሽማግሌ ነህ። ዛሬ አንተ ዱቡሻ ብትቆም ነገ ምእመኑ ጎሜን ፈርቶ ይቆማል። ከዚያ ፍርሃት ስንት ዓመት እንደፈጀብን ታውቃለህ።»

«ሣሩን ሳልይዝስ ብቆም?»

«ሰው የሚያየው ሣሩን አይደለም፤ የቆምክበትን ነው። የእራቱን ጸሎት ከመምራት ልናግድህ እንችላለን።»

የፓስተሩ ክርክር ባዶ አልነበረም። ኤርጫፎ የጎሜ ፍርሃት እናቱን እንዴት እንዳኮሰመናት ያስታውሳል። እምነቱ ከዚያ ፍርሃት አውጥቶታል፤ ለዚህም ዛሬም ያመሰግናል። ግን ሌላም ነገር ያስታውሳል። ካመነ በኋላ አንድ ቀን በዱቡሻ በኩል ሲያልፍ አባቱ ሕዝብ ፊት ቆሞ ነበር። «ጎረቤቴን ዋሽቻለሁ» ሲል ሰምቶታል። ያኔ «ወይ ጨለማ» ብሎ አለፈ። አሁን ሲያስበው አባቱ ዐይኑን አልጨፈነም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዱቡሻ ሄደ። ሻሺቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ጋሽ ታምሩ «ተናገር» አሉት።

«በግንቦት፣ እሁድ ዕለት፣ ቦዩ ተሰበረና ...»

«ቦዩን ተወው፤ ቦይ ዱቡሻ አይቆምም። አንተን ነው የጠራነው።»

«እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ጉባኤው ረዘመና ...»

«ሰባኪውንም እንጥራ?» አሉ ጋሽ ታምሩ፤ ሰው ሳቀ። ሃያ ዓመት የንስሐ ጸሎት የመራ ሰው አንድ በደሉን መናገር አቃተው። ለካ ዐይን ተጨፍኖ ሲነገር ቦዩም ሰባኪውም አብረው ይቅር ይባላሉ! ወደ ሻሺቱ ዞረ።

«ሻሺቱ፣ ውሃዬን ከፍቼ ጥዬ ሄድኩ። ያልተጠበቀ ውሃ እንደሚሰብር ተነግሮኝ ነበር። ችግኞችሽን አጠፋሁ። በእጅሽ እንደተከልሻቸው፣ የሟቹ መሬት እንደሆነ አውቅ ነበር። መጥቼ በመጠየቅ ፈንታ ይቅር ተብያለሁ ብዬ ነገርኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ሻሺቱ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ሽማግሌዎቹም አላጣደፏትም።

«ጉድጓዶቹ ደለል ሞልተዋል» አለች በመጨረሻ። «ከእኔ ጋር ትቆፍራቸዋለህ። እሁድ ግን እንዳትመጣ፤ እኔም ቅዳሴ አለኝ።»

ሳቁ ዱቡሻውን ዞረ። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ይዘው መረቁ። ኤርጫፎ ሣሩን አልያዘም፤ «አሜን» ግን አለ።

አራት ቀን ቆፈሩ። መጀመሪያ ቀን ዝም፤ ሁለተኛው ቀን «ጥልቀቱ አነሰ» ብላ ተቆጣችው፤ ሦስተኛው ቀን ስለ ባሏ ሳል አወራችው። በጠፉት ፈንታ ሠላሳ ስድስት አዲስ ችግኞች ተተከሉ፤ ዛሬ ከሰው ቁመት አልፈዋል። የውሃ ተራውንም ጋሽ ታምሩ ወደ ሐሙስ ለወጡለት። ይህን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቢጠይቃቸው ኖሮ በዚያው ቀን ይለውጡለት ነበር፤ አልጠየቃቸውም።

ጉባኤው ዝም አላለም። ኤርጫፎ የእራቱን ጸሎት ከመምራት «ለጊዜው» ታገደ። ውሳኔው ሲነበብ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰማ፤ ዘካሪያስ በዚያ ቀን የተቀመጠበት ወንበር ነው። ቅር አላለውም ማለት አይቻልም። አመሻሽ ላይ ግን ፓስተር ሶፎንያስ ቤቱ መጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «እዚያ ቆመህ ጎሜን ፈራህ?»

«አልፈራሁም። ሻሺቱን ፈራሁ።»

ፓስተሩ ሳቀ። «እስቲ ያለ ዱቡሻ፣ ያለ ሣር፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ሞክረህ አሳየኝ» አለው።

አሁን እየሞከረ ያለው ይህን ነው። ከራሱ ጋር ስድስት ምእመናን ፈቃደኛ ሆነዋል። ከእራቱ በፊት ባለው ሳምንት እያንዳንዳቸው ወደ በደሉት አንድ ሰው ይሄዳሉ፤ ሄዶ በአፉ ይቅርታ ያልጠየቀ በዚያ ወር ከኅብስቱ ይቆያል። ኤርጫፎ ያየውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ስጦታ ይዞ የሄደ ሰው ከስጦታው ኋላ ይደበቃል። «ቅር ካለህ» ብሎ የጀመረ ሰው ተጣልቶ ይመለሳል። ከስድስቱ አንዷ ሦስት ቃል ተናግራ፣ አልቅሳ፣ ታርቃ ተመልሳለች። አንዱ በሩ ተዘግቶበታል፤ በር ለተዘጋበት ሰው ምን እንደሚባል ኤርጫፎ ገና አላወቀም።

በሩ የተዘጋበት ሰው እሱ ራሱ ነው። ወደ ምዕራብ ዓባያ ሁለት ጊዜ ሄዷል። በመጀመሪያው ዘካሪያስ አልተገኘም። በሁለተኛው ከግቢው ውስጥ «የለም በሉት» ሲል ድምፁ በግልጽ ተሰማ። ሦስት ወር ሙሉ ኤርጫፎ ከኅብስቱ አልቆረሰም፤ ሕጉን ያወጣው እሱ ነውና።

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ነገ የውሃ ተራው ስለሆነ ዛሬ መሄድ አለበት። መንገድ ዳር ቆሞ ከአርባ ምንጭ የሚመጣውን ሚኒባስ ይጠብቃል። ሻሺቱ በዶማዋ ተደግፋ ከማሳዋ ታየዋለች።

«ሙዝ አልያዝክም አይደል?» ጮኸችበት።

ሁለት ባዶ እጁን ከፍ አድርጎ አሳያት። ሚኒባሱ ቆመ። በመስኮቱ በኩል ተቀመጠና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዐረፍተ ነገሩን መለማመድ ጀመረ፤ «ዘካሪያስ፣ ያን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ።» አጠገቡ የተቀመጠችው ተማሪ የሚጸልይ መስሏት ዐይኗን ወደ ሌላ አዞረች። የኤርጫፎ ዐይኖች ግን ተገልጠዋል።